ያልከፈትኩት ፋይል

ኮምፒውተሩ ፋይሉ የለም አለኝ። ፋይሉ ደግሞ እዚያው፣ ዓይኔ ሥር፣ ፕሮግራሙ ካለበት ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሏል። ቆሽቴ አረረ። «አንተ ዕውር!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ቲቸር አጠገቤ መቀመጣቸው ትዝ ያለኝ፤ በሀፍረት ክው አልኩ። እሳቸው ግን ሳቁ። «እሱም እንደኔ ነው በይኛ» አሉ። «እንግዲያው ቀስ ብለሽ ንገሪው፣ በጩኸት አያይም።»

ቲቸር አከራዬ ነበሩ። ሰበታ ውስጥ፣ ከጅማው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው ግቢያቸው፣ ከሁለቱ ሰርቪስ ቤቶች አንዷን ተከራይቼ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይናቸው አያይም። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማሩ፣ እዚያው አስተማሩ፣ እዚያው ጡረታ ወጡ። ባለሱቁም፣ ባጃጅ ነጂውም፣ ጎረቤቱም «ቲቸር» ነው የሚላቸው፤ ሌላ ስም ያላቸው የማይመስለው ሰው ብዙ ነው። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው ሞተዋል። የቀራቸው አንድ ወንድ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። አባት በኦሮምኛ ይናገራሉ፣ ልጅ በአማርኛ ይመልሳል፤ ሲናደዱ ደግሞ ይገለበጣል። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ከቋንቋቸው ብቻ ማን እንደተናደደ አውቅ ነበር።

ጊዜው ማስተር ፕላን የሚባለው ነገር አገሩን ሁሉ ያስቆጣበት ጊዜ ነው። ከተማዋ ወደ ገበሬው መሬት ልትሰፋ ነው ተብሎ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ሆድ ብሷቸዋል። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ዩኒቨርሲቲው ስለተበጠበጠ ልጁ ሻንጣውን ይዞ ቤት ገብቷል። የሞባይል ኢንተርኔት ከጠፋ ሰንብቷል። እኔ አዲስ አበባ አንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ነበር የምሠራው፤ ሚኒባስ ሲኖር እሄዳለሁ፣ ሳይኖር ቲቸር ሳሎን ቁጭ ብዬ ይችን ፕሮግራም እነካካለሁ።

ፕሮግራሟ የእሳቸው ናት። እንግሊዝኛ ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ነገር ድሮም አላቸው፤ አማርኛ ላይ ሲደርስ ግን ዝም ይላል። ስለዚህ አማርኛውን ፊደል ወደ ድምፅ የሚለውጠውን ክፍል ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ጻፍኩት። ቁልፍ ሲነካ የሚሰማው፣ ፋይል የሚከፍተው ዋናው ፕሮግራም ደግሞ በሲ ነው የተጻፈው። ሲው ፓይተንን በሆዱ ይዞ መነሳት አለበት። ለዚህ ዲኤልኤል የምንለው፣ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠሩት ፋይል አለ፤ ሲው ይጠራዋል፣ ፋይሉ ከመጣ ፓይተን ይነሳል፣ ካልመጣ ሁሉም ነገር በድን ነው። ቢሮ ያለው ላፕቶፔ ላይ ሲጠሩት ከች ይላል። የቲቸር ልጅ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ግን አሻፈረኝ አለ።

ከሁላችንም የጓጓው ልጁ ነበር። ማንበብ ከቻለበት ቀን ጀምሮ ለአባቱ ያነባል። ጋዜጣውን፣ የዕድሩን ማስታወቂያ፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ ሁሉንም። «እኔ ገና በሃያ ዓመቴ ጡረታ ልወጣ ነው፤ አንቺ ካላሳፈርሽኝ» እያለ ይቀልድብኛል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳሰጣ መጣና ፍላሽ ዲስክ አሳየኝ።

«እዚህ ውስጥ ለእሱ የጻፍኩት ደብዳቤ አለ። ማሽንሽ አፍ ሲያወጣ መጀመሪያ የሚያነብለት ይሄን ነው። ግን እሱ ብቻ ነው የሚሰማው፤ አንቺም አታይውም።»

«ምን ብትጽፍ ነው? ፍቅረኛ ይዘሃል እንዴ?»

«አያገባሽም» አለኝ። ለወትሮው እንዲህ ስለው ይስቅ ነበር፤ ያን ቀን አልሳቀም። ፍላሹን ወስዶ ለአባቱ በእጃቸው ሰጣቸው። ሰኞ ጠዋት «ቡራዩ አክስቴ ጋ ደርሼ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ።

አልመጣም። ስልኩ ከማክሰኞ ጀምሮ ዝግ ነው። አክስትየዋ አንድ ሌሊት አድሮ ወጥቷል አለች። አንዱ ከልጆች ጋር ታፍሶ ተወስዷል ይላል፣ ሌላው ሱሉልታ አየሁት ይላል። ዘመዶች በየበሩ እየሄዱ ጠየቁ፤ የሚመለስላቸው «እዚህ የለም» ብቻ ነው። እኔ ቀን ሙሉ ከኮምፒውተሩ «የለም»ን እሰማለሁ፣ ማታ እነሱ ተመልሰው ያንኑ ይናገራሉ። የዚያን ሰሞን ይህን ቃል የጠላሁትን ያህል የጠላሁት ነገር የለም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ገብቼ «አካም ቡልቴ» አልኳቸው፤ የምችላት ኦሮምኛ ይችው ናት፣ እንዴት አደሩ ማለት ነው። ሁሌ አነጋገሬን ያርሙኝ ነበር፤ ያን ቀን አላረሙኝም። «ደብዳቤውን እፈልገዋለሁ» አሉ። «የት እንደሚሄድ ጽፎልኝ ይሆናል።»

«ታዲያ እኔ ላንብብልዎት ቲቸር! አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

«አይሆንም።»

ደሜ ፈላ። ልጃቸው ጠፍቶ ይሄ ምን የሚሉት ኩራት ነው አልኩ በሆዴ። ፊቴን ባያዩም ዝምታዬን ሰምተውታል መሰለኝ፣ አስቀመጡኝና አወሩኝ። ባለቤታቸውን ከማግባታቸው በፊት ከእሷ አንድ ደብዳቤ ደርሷቸው ነበር። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንድ ባልደረባ እንዲያነብላቸው ሰጡት። እሱ እያነበበ በመሐል ሳቀ። እስከ ምሳ ሰዓት ደብዳቤው የመምህራኑ ሁሉ ጨዋታ ሆነ። «ትወደኝ እንደነበር የሰማሁት በእሷ ድምፅ አይደለም፣ በእኔም አይደለም፤ በዚያ በሚስቅ ሰውዬ ድምፅ ነው። ሰላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም። ልጄ ይሄን ያውቃል። ለዚህ ነው እኔ ብቻ እንድሰማው ያለው» አሉ። ቀጥለውም «እንደማትከፍቺው ማይልኝ» አሉኝ።

«እናቴ ትሙት አልከፍተውም» ብዬ ማልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ቀን እንዴት እንደሠራሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ዲኤልኤሉን ከፕሮግራሙ ጎን አስቀመጥኩት፣ የለም አለ። ዊንዶውስ የራሱን ፋይሎች ወደሚያስቀምጥበት ቦታ ወሰድኩት፣ የለም አለ። ኮምፒውተሩ አሮጌ ባለ ሠላሳ ሁለት ቢት እንደሆነና እኔ ባለ ስልሳ አራቱን እንዳመጣሁበት ገባኝ፤ ለእሱ በሚሆን መልኩ እንደገና ሠራሁት። ለአፍታ ሌላ ዓይነት ስህተት አሳየኝና ተስፋ አደረግሁ። ከዚያ ያው ተመልሶ የለም። «ጉድ እኮ ነው፣ ይኸውልህ!» እያልኩ በጣቴ ስክሪኑን እጠቁማለሁ። ቲቸር አጠገቤ ሆነው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ አንድም ጊዜ አልደረሰም ወይ አላሉኝም። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

በስተመጨረሻ ነው የገባኝ። የለም የሚባለው ፋይል አለ። የሌለው እሱ ራሱ ሲነሳ የሚጠራው ሌላ ፋይል ነው። ኮምፒውተሩ የሚጠራው የጠሪውን ስም እንጂ የጠፋውን አይደለም። ማን እንደጠፋ ለማወቅ እያንዳንዱ ፋይል እነማንን እንደሚጠራ የምትዘረዝር ትንሽ መሣሪያ ያስፈልገኛል፤ የጠፋው ፋይልም ሆነ መሣሪያዋ ያሉት ቢሮ ነው። ኢንተርኔት ቢኖር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ከቢሮ የማመጣበትን ፍላሼን ኮምፒውተሩ ላይ ብሰካው ድምፅ የለም፤ ሞቷል። ወይ ጣጣ! ቲቸር ኮታቸው ውስጥ እጃቸውን ከተቱና በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የልጃቸው ፍላሽ ነው።

«ይሄ አይሆንሽም?»

«ደብዳቤው ያለው እሱ ላይ ነው እኮ።»

«ወደ ኮምፒውተሩ አይገለበጥም?»

ይገለበጣል። ሰካሁት። ከተደረደሩት መካከል «ለአባቴ» የሚል አለ። ኮፒ አድርጌ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀመጥኩትና ወዲያው ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ሰው ልብሱን ሲቀይር ፊት እንደሚዞረው። እኔ አንድ ፋይል ገልብጬ ሳልከፍት፣ መምጣቱን ሳላይ ትቼ አላውቅም። የሙያ ልማድ ነው፣ እጄ ራሱ ያደርገዋል። ያን ቀን ግን በእናቴ ምያለሁ። ፍላሹን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሚኒባስ ስላልነበረ ከሰበታ እስከ ዓለም ገና በእግሬ ነው የሄድኩት። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። አብረውኝ የሚሄዱ ሴቶች ነበሩ፤ የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ዓለም ገና አንድ አይሱዙ ጭኖን አየር ጤና አወረደን። ከተማው ሰላም ነው። ሰው ማኪያቶ ይጠጣል፣ ጫማ ያስጠርጋል፣ ስለ ኳስ ይከራከራል። የሃያ ኪሎ ሜትር ርቀት እኮ ነው! ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ሙሉ ከተማን ጠላሁ።

ቢሮ ገብቼ ፍላሹን ስሰካ አንቲቫይረሱ ጮኸ። የዚያን ጊዜ ፎቶ ኮፒ ቤት የገባ ፍላሽ ሁሉ የሚይዘው አንድ ቫይረስ ነበር፤ እውነተኛውን ፋይል ይደብቅና በቦታው በዚያው ስም ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከት ማለት ባዶ ነው፤ ፋይሉ እዚያ ነው ብሎ በቀስት ከመጠቆም ሌላ ውስጡ ምንም የለም። የኮምፒውተሮቹ ኃላፊ ከኋላዬ መጥቶ «ቢሮውን በሙሉ ሳታስበክይብን ፎርማት አድርጊው» አለኝ። «ውስጡ የምትፈልጊው ነገር አለ?»

«የለም» አልኩት። «ቤት ገልብጬዋለሁ።»

ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ፍላሹ ቫይረስ ካለበት እኔ ቤት የገለበጥኩት ምን እንደሆነ ማሰብ ነበረብኝ። ይህን እኔ ለሌላው ሰው የማስረዳ ሰው ነኝ፤ ስንቱን ባልደረባ በዚህ ስሰድብ ኖሬያለሁ። ሐሳቤ በሙሉ የጠፋው ዲኤልኤል ላይ ስለነበረ ውስጡን ሁሉ የሚጠርገውን ፎርማት የሚለውን ተጫንኩ። መሣሪያዋንም፣ ይጠፋል ብዬ የጠረጠርኩትን ሁሉ፣ ትልልቁን የፕሮግራም ጥቅል ጭምር እስኪሞላ ጫንኩበት።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተዘጋ። አንዲት ባልደረባዬ ቤት አራት ቀን ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ደወለች። «ልጁ ተገኘ» አለችኝና አለቀሰች። አለቃቀሷ ነገረኝ። በጥይት ነው የሞተው፤ ማን ተኮሰ፣ የት ተኮሰ ብሎ የሚነግር አልተገኘም። አስከሬኑ በፒክአፕ መጥቶ በማግሥቱ ተቀበረ። እኔ የደረስኩት ከቀብሩ በኋላ ነው።

ግቢው ድንኳን ተተክሎበታል። ቲቸር ፍራሽ ላይ፣ ሰው መሐል ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር ወድቄ አለቀስኩ። ራሴን በእጃቸው ዳበሱ፣ ድምፄን ለዩ። «መጣሽ? በእግርሽ ነው የመጣሽው?» አሉኝ። ልጃቸውን ቀብረው ስለ እኔ እግር ይጠይቁኛል። አንጀቴን በሉኝ።

ለቀስተኛው እየሳሳ ሄደ፣ ድንኳኑ ተነሳ፣ የቡራዩዋ አክስትም ተመለሰች። ቤቱ ባዶ በሆነበት የመጀመሪያ ቀን፣ ረፋዱ ላይ በሬን አንኳኩ። ነጭ በትራቸውን ይዘው ብቻቸውን ነው ግቢውን ያቋረጡት። «ዛሬ ማሽኑን አናግሪልኝ» አሉ።

አናገርኩት። መሣሪያዋ ስትዘረዝር ከእነዚያ ሁሉ ፋይሎች ውስጥ አንዷ በቀይ ወጣች። ቢሮ ያለው ላፕቶፔ ላይ ከስንት ዓመት በፊት ከሌላ ፕሮግራም ጋር አብራ የገባች፣ መኖሯንም አውቄ የማላውቅ ፋይል ናት። ከፍላሹ አምጥቼ ቦታዋ አስቀመጥኳት። ፕሮግራሙ ተነሳ። ፓይተን ተነሳ። ኮምፒውተሩ በዚያ በሚያስቅ የቆርቆሮ ድምፁ «ሰላም» አለ።

ቲቸር ቀና አሉ። እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘረጉ። እልል ማለት ነበረብን፤ እኔ አለቀስኩ። የሚጫኑትን ቁልፍ በጣታቸው አስነካኋቸው፣ «ለአባቴ» የሚለው ላይ አደረግሁላቸው። «እኔ ውጭ ነኝ፤ ሲጨርሱ ይጥሩኝ» ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ደጅ ሆኜ ድምፁን ሰማሁ። «ፋይሉ አልተገኘም።» ይህን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ዓይኑ የማያይ ሰው ስህተቱንም እንዲሰማ ብዬ። እሳቸው ደግመው ተጫኑ። «ፋይሉ አልተገኘም።» ደግመው። አራተኛውን ልሰማ አልቻልኩም፣ በሩን ከፍቼ ገባሁ።

«ያው የለመድነው ነገር ነው፣ አይዞዎት፣ አሁን አስተካክለዋለሁ» እያልኩ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አልኩ። ያኔ አየኋት። ምስሉ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አለች። ያ ሁሉ ቀን እዚያው ነበረች። እኔ ፊቴን አዙሬ ነው።

«ትንሽ ችግር አለ» አልኳቸው። ወንበራቸውን አውጥቼ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳቸው። የጠፋ ፋይል ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም ከቢሮ ባመጣሁት ጥቅል ውስጥ ነበረ፤ እሱን ይዤ ያንን ፍላሽ እስከ አሥር ሰዓት ቆፈርኩት። ስሙን አገኘሁት። መጠኑንም አገኘሁት። ውስጡን ስከፍት ግን የሚወጣው እኔ ከላዩ የጫንኩት ዝባዝንኬ ነው። አሁን መሐላ የለም፣ ደጋግሜ ከፈትኩት። አንድ የአማርኛ ፊደል አልነበረም።

ወጥቼ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ቲቸር፣ ደብዳቤው ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ ሾርትከቱን፣ ቫይረሱን፣ ፎርማቱን፣ ሳልከፍት መተዌን። እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር። በበትራቸው ቢመቱኝ ደስ ይለኝ ነበር። በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት።

«ስንት ገጽ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«በመጠኑ ሁለት ገጽ ይሆናል።»

«ሁለት ገጽ» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን፣ ከትከሻዬ ወርደው እጄን ያዙ። «አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ስትገለብጪው አላየሽውም? ሳታስቢው፣ እንዲያው ዓይንሽ አርፎበት?»

«አላየሁትም ቲቸር። ምዬልዎት ነበር።»

«መሐላውን ተይው። እኔ ነኝ ያስማልኩሽ፣ እኔ ፈትቼልሻለሁ። ሰው ነሽ፣ ልጅ ነሽ፣ ጓጉተሽ ከፍተሽው ከነበረ አልቆጣሽም። ከልቤ ነው የምልሽ፣ አልቀየምሽም። የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ ቢሆን እንኳ። ምን ብሎ እንደጠራኝ ብቻ።» እጄን ጠበቅ አደረጉት። «ከፍተሽዋል በይኝ፣ ኢንተላ ኮ። ልጄ፣ ከፍተሽዋል በይኝ።»

«አልከፈትኩትም» አልኳቸው።

እጄን አለቀቁኝም። «እስቲ አስቢ» አሉኝ። «እስቲ ደህና አድርገሽ አስቢ።»